ሥራውን ሄዳችሁ እዩት

ልጆቼ፣

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ወደ 40 ዓመት ገደማ የሠራሁት ደግሞ አቃቂ፣ ቶርኖ ላይ ነው። ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን ነው። ብረት ስቆርጥ፣ ስሞርድና ስለካ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ ባልደረባዬ ወርክሾፕ እየሄድኩ አግዘዋለሁ። እጄ ከብረት መለየት አልቻለም።

ብሎካችን ውስጥ ብዙ የሃይስኩል ተማሪ አለ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትሉኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ቆም ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው። "ጋሼ፣ ምን ባጠና ይሻለኛል?" ይሄ ደረጃ ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩላችሁ።

ባለፈው ጥር አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ "ኢንጂነር መሆን እፈልጋለሁ" አለችኝ። ደስ አለኝ። "ጎሽ! ኢንጂነር ጠዋት ሥራ ሲገባ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?" አልኳት። ዝም አለች። ትንሽ አስባ "ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ይመስለኛል" አለችኝ። ይቺ ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ወይም ሁለተኛ የምትወጣ ናት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ኢንጂነር ሲሠራ አይታ አታውቅም። ዶክተር የምታውቀው ታማ ስትሄድ ነው። ፓይለትም ቢሆን አውሮፕላኑ በሰፈራችን ሰማይ ሲያልፍ ነው የምታስበው።

የምመክራችሁ ይህንኑ ነው። ሥራ ከመምረጣችሁ በፊት ሥራው ሲሠራ እዩ። ገና ተማሪ እያላችሁ፣ ከፈተናው በፊት እዩ።

ልጅቷን ቅዳሜ ወርክሾፕ እንድትመጣ ነገርኳት። ከታናሽ ወንድሟ ጋር መጣች። ያን ቀን የአንድ እህል ወፍጮ ሻፍት፣ ማለትም የሚሽከረከረው የብረት ዘንግ፣ መጥቶልን ነበር። ወፍጮው ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል ብለው ነው ያመጡት። ካሊፐሩን፣ ውፍረት በትክክል የሚለካበትን መሣሪያ፣ አውጥቼ ሰጠኋት። "ለኪው" አልኳት። ግራ ገባት። የካሊፐር አነባበብ 9ኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ ተምራለች፤ ፈተናም ላይ መልሳለች። ዕቃውን ግን በእጇ ይዛ አታውቅም። መንጋጋውን ሻፍቱ ላይ ገጠመች። ዋናው መስመር ላይ 24 አለፈ። ከታች ባለው ትንሽ መስፈሪያ ላይ የትኛው ጭረት ከላይኛው ጋር እንደገጠመ ለማየት ዓይኗን አጠጋች። ወደ በሩ ዞራ ብርሃን ፈለገች። "24 ነጥብ 6" አለች።

"ኩሽኔታው የሚገባበት ስንት መሆን ነበረበት?" አልኳት። ኩሽኔታው ሻፍቱን ይዞ የሚያሽከረክረው ቀለበት ነው። ውስጡን ለካችው፤ 25 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ደጋግማ አየች። ከዚያ ፊቷ በራ። "ተበልቷል! ክፍተት ስላለው ነው የሚንቀጠቀጠው!" አለች። አዎ። የአንድ ሰፈር ወፍጮ ያቆመው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነገር ነው። የተበላው ቦታ በብየዳ ይሞላል፣ ከዚያ ቶርኖ ላይ ተቆርጦ ወደ 25 ይመለሳል። እሷ ይህን ሁሉ እስኪያልቅ ቆማ አየች። ወንድሟ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰለቸውና ውጭ ወጣ። እሱም ስለራሱ አንድ ነገር አወቀ ማለት ነው። እንደዚህ ዓይነቱ ዕውቀት በ20 ብር የታክሲ ሒሳብ ከተገኘ ርካሽ ነው።

እኔስ እንዴት ገባሁበት? በ1972 ዓ.ም. ማትሪክ ተፈተንኩ። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። አባቴ ባቡር ጣቢያ ጭነት የሚያወርዱ ሰው ነበሩ። ማንበብ አይችሉም። ውጤቴን ሲሰሙ አልተቆጡም። ሦስት ቀን ዝም አሉ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ቀስቅሰው "ተነስ፣ ጫማህን አድርግ" አሉኝ። ጭነት ሲያወርዱ ወደተዋወቁት አንድ የወርክሾፕ ሰው ይዘውኝ ሄዱ። "ልጄ ነው። ሥራ ስጠው አልልህም። አንድ ሳምንት ቆሞ ይይ" አሉት።

ሰውዬው ሞርሳ ላይ፣ ብረት አጥብቆ በሚይዘው መቆንጠጫ፣ አንድ ቁራጭ ብረት አሰረልኝና መሞረጃውን ሊማ ሰጠኝ። ጎኑን ቀጥ አድርጌ እንድሞርድ ነው። ማታ ማታ ብረቱን ቀጥ ማለቱ በሚታይበት ስኳድራ ላይ አስጠግቶ ወደ መስኮቱ ያነሳዋል። በመካከላቸው ብርሃን ካሳለፈ ጎኑ ገና ቀጥ አላለም ማለት ነው። "ያሳልፋል። ድገመው" ይለኛል። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ሳምንቱ ሁለት ወር ሆነ። አንድ ቀን ብረቱን ሲያነሳው ብርሃን አልታየም። ሰውዬው ምንም አላለኝም፣ ብረቱን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ምን እንደምሆን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የገባሁትም ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ስለ ፈተናው አንድ ነገር ልበል፤ ልታውቁት ይገባል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ቁጥሩ እየተሻሻለ ነው፤ ደስ ይላል። ግን ከአሥር ተማሪ ዘጠኙ በአንድ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ አልገባም ማለት ነው። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም። አጥኑ፣ ከልባችሁ አጥኑ። ነገር ግን ዕቅዳችሁ በሙሉ በአንድ ፈተና ላይ ከቆመ፣ ውጤት የወጣ ቀን ማታ የምትይዙት ነገር አይኖርም። ማለፊያውን ላላገኙ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያል፣ አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ። ሠርቶ በኋላ መማርም አለ። እነዚህን መንገዶች ከወዲሁ የሚያውቅ ልጅ ያን ቀን ማታ ያዝናል እንጂ አይወድቅም።

ቴክኒክና ሙያን "የወደቀ የሚገባበት" የምትሉ አላችሁ። ይህን ስሰማ ያመኛል። ሥልጠናው ሲቀረጽ 70 እጁ ተግባር፣ 30 እጁ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ነው። በተግባር እንደዚያ የሚሆነው ግን ሁሉም ኮሌጅ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ሄዳችሁ ጠይቁ። ስንት ማሽን ይሠራል? አንድ ማሽን ለስንት ሰልጣኝ ነው? ለትብብር ሥልጠና የምትልኩት የት ድርጅት ነው? ከሰልጣኞቹ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲን፣ ያለፉት ስንት ናቸው? ጥያቄውን ሲሰሙ ደስ የሚላቸው ኮሌጆች አሉ። እዚያ ግቡ።

ዳር ሰፈር ስለሆንን ሁሉ ነገር ፒያሳና ቦሌ ያለ ይመስላችኋል። አይደለም። እስቲ ከእግራችሁ ሥር ያለውን ውሃ አስቡ። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻው ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣ ነው። ውሃው የት እንዳለ የሚያጠና የጂኦሎጂ ባለሙያ አለ። ቁፋሮውን የሚመራ አለ። ፓምፑን የሚጠግን ኤሌክትሪሺያን አለ። ክሎሪኑን የሚለካ ኬሚስት አለ። ቧንቧው በየት በኩል ማለፍ እንዳለበት የሚቀይስ ሰርቬየር አለ። ቢሉን የሚሠራ አካውንታንት አለ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ስትጠጡ ይህ ሁሉ ሙያ አብሮ ይወርዳል። ቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን ነው። እንዶዴ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ አለ። ቃሊቲ ጋራዥ ሞልቷል። ጤና ጣቢያውም አለ። የ40/60 ሕንፃዎች አሳንሰር ሲበላሽ የሚመጡትን ልጆች አይታችኋቸዋል? እነሱንም አናግሯቸው።

"ማን ያስገባናል?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ባዶ እጁን የመጣ ተማሪ ዘበኛው በር ላይ ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ነው ትምህርት ቤት የሚያስፈልጋችሁ። የትብብር ደብዳቤ ጠይቁ። "ተማሪዎቻችን ለአንድ ቀን ሥራውን እንዲመለከቱ ትብብር እንዲደረግላቸው" የሚል አንድ ገጽ። ማኅተም ያለበት። ወረቀቱ ትምህርት ቤቱን ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድበትም፤ እናንተን ግን የማይከፈት የሚመስል በር ያስከፍታችኋል። ለየብቻ አትጠይቁ። አራት አምስት ሆናችሁ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ፣ የምትቀርቡትን መምህር ይዛችሁ ግቡ። ርዕሰ መምህሩ ላልታሰበበት ጥያቄ "እናያለን" ሊል ይችላል። ተዘጋጅታችሁ ስትሄዱ ግን እምቢ ማለት ይከብዳል።

ላብራቶሪውም እንደዚያው ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ተቆልፎ አቧራ ይጠጣል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። ወላጆቻችሁ በወላጅ መምህር ተማሪ ህብረት ስብሰባ ላይ እንዲያነሱት ንገሯቸው። የአባት ድምፅ እዚያ ይሰማል።

ከቤተሰብም እርዳታ ስትጠይቁ ጥያቄያችሁ ግልጽ ይሁን። "አባዬ እርዳኝ" ስትሉ ገንዘብ የፈለጋችሁ ይመስለዋል፤ እሱ ደግሞ የለውም። ስለዚህ ሁለታችሁም ታዝናላችሁ። "አባዬ፣ ዕድርህ ውስጥ ነርስ አለች ብለሃል፤ አስተዋውቀኝ" በሉት። ይህንን ማድረግ ይችላል፣ ደስም ይለዋል። ዕድሩን፣ ዕቁቡን፣ የጽዋ ማኅበሩን አስቡ። በአንድ ድንኳን ሥር ሾፌር፣ መምህር፣ ግንበኛ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ሐኪም አብረው ይቀመጣሉ። ልጆች ግን ከቡና ማዳረስ አልፈው አያናግሯቸውም።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። አንዳንዴ የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ላይኛው ፎቅም አይደርስም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጀሪካን ይዛ ስትወርድ የማያት ልጅ ናት፤ ወንድሟ ተኝቷል። ጠዋት ሁለቱም እኩል ፈተና ላይ ይቀመጣሉ። እባካችሁ ተራ አውጡላቸው። የልጃችሁ ኮፒና መጽሐፍ ወጪ ያስጨንቃችኋል፤ አውቃለሁ። እንቅልፏን መመለስ ግን ወጪ የለውም።

እኔም በልጄ ላይ አጥፍቻለሁ። የበኩር ልጄ ሒሳብ ጎበዝ ነበር። ኢንጂነሪንግ ግባ ብዬ ገፋሁት። እሱ አካውንቲንግ እንደሚፈልግ ለእናቱ ነግሯት ነበር፤ እኔን ፈርቶኝ አልነገረኝም። ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ ሻንጣውን ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ መግባት ፈራ። አባቴ ማንበብ ሳይችሉ "ቆሞ ይይ" ብለው ለእኔ ያደረጉልኝን፣ እኔ ተምሬ ለልጄ አላደረግኩለትም። እንደገና ከመጀመሪያ ጀመረ። ዛሬ ጥሩ የሒሳብ ባለሙያ ነው፣ ሥራውንም ይወዳል። ከሁለት ዓመት በላይ ዕድሜውን የወሰድኩበት ግን እኔ ነኝ።

ስትሄዱ ደብተር ያዙ። ባለሙያውን ስለ ደመወዙ ብቻ አትጠይቁት። ከሥራው የሚያስጠላው የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠይቁት። ማንኛውም ሥራ አሰልቺ ክፍል አለው፤ ያንን ክፍል መቻል አለመቻላችሁን ማወቅ አለባችሁ። ከክፍል ትምህርት የትኛውን በየቀኑ እንደሚጠቀምበትም ጠይቁት። እኔ ብትጠይቁኝ ታንጀንት እላችኋለሁ። ቶርኖ ላይ ሾጣጣ ለማውጣት ማዕዘኑ የሚገኘው በእሱ ነው። የማሽን ማኑዋሎቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ እንግሊዝኛም እላችኋለሁ። ኮምፒውተር የሚስባችሁ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፣ ሰርተፍኬትም ይሰጣል። ሞክሩትና ወደዳችሁት ወይስ አልወደዳችሁትም የሚለውን እወቁ።

ያቺ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ቅዳሜ መጣች። በሦስተኛው እናቷን ይዛ ነበር። እናቷ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች የሚያስረክቡ ሴት ናቸው። ልጃቸው የት እንደምትውል ለማየት ነው የመጡት፤ ደግ አደረጉ። በሩ አጠገብ ነጠላቸውን ሰብስበው ቆሙ። ዘይት የነካው ወንበር ጠርጌ ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም።

ልጅቷ "እማዬ፣ ቀለበትሽን አንዴ ስጪኝ" አለች። እናቷ ሳሙና ሳይጠቀሙ ለማውጣት ትንሽ ታገሉ። ካሊፐሩን ገልብጣ በላይኛዎቹ ትናንሽ መንጋጋዎች የቀለበቱን ውስጥ ለካች። "17 ነጥብ 4" አለች።

"ምንድነው እሱ 17 ነጥብ 4?" አሉ እናቷ።

ልጅቷ ካሊፐሩን ወደ እናቷ አስጠግታ ከመጀመሪያው ጀመረች። ይሄ ዋናው መስመር ነው፣ ይሄ ትንሹ፣ እዚህ ጋ የገጠመውን ጭረት እዪ። እናቷ አጎንብሰው ጣታቸውን ጭረቱ ላይ አደረጉ። ባልደረባዬ ቶርኖውን አጠፋላቸው።