መልስ፦ ከቤልግሬድ ውጪ ከሆነ ራድኒችኪ ኒሽ ነው

ወንድሜ፣ ከቤልግሬዶቹ ሬድ ስታርና ፓርቲዛን ሌላ በአውሮፓ ስም ያስጠራ የሰርቢያ ክለብ አለ ወይ ብለሃል። ሰርቢያ የዩጎዝላቪያ አካል በነበረችበት ዘመን ቮይቮዲና የተባለው ክለብ በ1966 እና በ1989 የዩጎዝላቪያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ እኔ ግን የምወደው የራድኒችኪ ኒሽን ታሪክ ነው።

በ1923 በደቡብ ሰርቢያዋ ኒሽ ከተማ ተመሠረተ። ስሙም “የሠራተኞች” ማለት ነው። የሊግ ዋንጫ በልቶ አያውቅም፤ በ1980 እና በ1981 ሦስተኛ መውጣቱ ግን የዩኤፋ ካፕን (የዛሬውን ዩሮፓ ሊግ) በር ከፈተለት።

በ1981/82 ያደረገውን ተመልከት። ናፖሊን ከሜዳው ውጪ 2ለ2፣ በሜዳው 0ለ0 ወጥቶ ከሜዳው ውጪ ባገባቸው ግቦች ጣለው። ግራስሆፐርን በመለያ ምት፣ ፌይኖርድን በድምር 2ለ1። በሩብ ፍጻሜው ስኮትላንድ ላይ በደንዲ ዩናይትድ 2ለ0 ተሸንፎ ተመለሰ፤ ሁሉም አበቃለት ሲል በሜዳው ቻይር ስታዲየም ላይ 3ለ0 አሸነፈ! በግማሽ ፍጻሜው ሃምቡርግንም ኒሽ ላይ 2ለ1 ረትቶ ነበር። ጀርመን ላይ ግን 5ለ1፤ እሱን እንኳ ባናነሳው ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ በኋላ የሰርቢያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የሆነው ድራጋን ስቶይኮቪች “ፒክሲ” የኒሽ ልጅ ነው። በ1986 ወደ ሬድ ስታር እስኪሄድ ድረስ የተጫወተው እዚሁ ክለብ ነው።