ልዕልቷ እግር የላትም ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ነው። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። አጎቷ የድሮውን ሱፐር ማሪዮ ካመጣላት ወዲህ ቅዳሜ ከቴሌቪዥኑ ፊት አትነሳም። ባለፈው «እማዬ፣ ልዕልቷ ሁሌ ተይዛ የምትቀመጠው እግር የላትም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። በድሮ ጌሞች ሁልጊዜ የምትታገተው ሴቷ የሆነችው ለምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ግሽ ዓባይ ባለችው ጌም ቤቴ ይህን የጠየቀኝ ልጅ የለም። ወንዶቹን የሚያንገበግባቸው ሌላ ነው። ግንቡን ጨርሰው ሲገቡ እንጉዳይ ጭንቅላቱ ብቅ ይልና «ልዕልታችን ሌላ ግንብ ውስጥ ናት» ይላቸዋል። «ኧረ ዛሬም የለችም!» ብለው ይጮሃሉ። ጌሙ 8 ዓለም አለው፤ በአቋራጭ ካልዘለሉ ይህን 7 ጊዜ ሳይሰሙ አያገኟትም።

ማሪዮ ራሱ የመጣው ዶንኪ ኮንግ ከሚባል ጌም ነው፤ በ1981 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ሠሪው የጃፓኑ ጌም ድርጅት የኒንቴንዶው ሺገሩ ሚያሞቶ ነው። መጀመሪያ የታሰበው በፖፓይ ካርቱን ነበር፤ ፈቃዱ አልተገኘም። ስለዚህ ፖፓይ አናጢ ሆነ (ማሪዮ እሱ ነው)፣ ጠበኛው ብሉቶ ጎሪላ ሆነ፣ የፖፓይ ፍቅረኛ ኦሊቭ ደግሞ ጎሪላው የሚነጥቃት ልጅ። ልጅቷ ከላይ ቆማ እጇን ታወናጭፋለች። ሰውየው ሲደርስባት ልብ ይሳላል። ወዲያው ጎሪላው አንጠልጥሏት ሲወጣ ልቡ ለሁለት ይሰነጠቃል። ጃንጥላዋና ቦርሳዋ ሳይቀሩ መንገድ ላይ የሚለቀሙ ነጥብ ናቸው!

ብዙ ሰው የማሽኑን አቅም ያነሳል። እውነት አለው። ሱፐር ማሪዮ ጠቅላላው 40 ኪሎባይት ነው፤ በስልክ ከምናነሳው አንድ ፎቶ ያንሳል። እዚያ ውስጥ ታሪክ ማውራት አይቻልም። ሴት ልጅ ተነጠቀች ከተባለ ግን ተጫዋቹ ሌላ ሳይነገረው ይሮጣል። እኛም ነገሩን ከጌሙ በፊት እናውቀዋለን፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ዘንዶው ከፈረሱ እግር ሥር፣ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ናት።

ለእኔ ግን ይህ ግማሽ መልስ ነው። የቦታው ማነስ ታሪኩ ለምን እንዳጠረ ይናገራል፤ ማን እንደሚታሰር አይናገርም። በ1986 በወጣው ሜትሮይድ፣ ከራስ እስከ እግር ብረት ለብሶ ሲዋጋ የቆየው ጀግና ጌሙን ቶሎ ለጨረሰ ሰው ሴት መሆኗ ይገለጣል። ይህም የዚያው የኒንቴንዶ ሥራ ነው። በ1984ቱ ካራቴካ ደግሞ ማሪኮን ሊያስፈታ የመጣው ሰው ለጠብ እንደቆመ ከቀረባት በአንድ እርግጫ ትገድለዋለች። (እሰይ ነው ያልኩት።) ስለዚህ ይቻል ነበር። ሠሪዎቹ በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ፤ ይጫወታል ብለው ያሰቡትም ወንድ ልጅ ነው። ልጅቷ ሽልማት ሆና ቀረች። በ1987ቱ ደብል ድራጎንማ ገና ሲጀመር ወሮበሎች የልጅቷን ሆድ በቡጢ መትተው ትከሻቸው ላይ ጭነዋት ይሄዳሉ። እሱን ለልጅዎ አያሳዩ።

ይልቅ ሱፐር ማሪዮ 2ን ይፈልጉላት፤ በ1988 አሜሪካ የወጣውን። ከአራቱ ተጫዋቾች ልዕልቷን ፒችን ትምረጥ። የዝላዩን ቁልፍ ተጭና ከቆየች አየር ላይ ለአፍታ ትንሳፈፋለች፤ ሰፊውን ገደል ለመሻገር ከማሪዮ ትሻላለች። ከመሬት ዕቃ ስትነቅል ግን ዝግ ትላለች። ያን ጊዜ ጠላት አጠገቧ እንዳይኖር ይንገሯት።