ክፉ ሰው እየሆኑ ማርጀት ይቻላል ወይ? ከፕራን የሥራ ዘመን ተነሥቼ የምሰጠው መልስ

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። በአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ተንኮለኛ ሰው ሆነው ከታወቁ ወዲህ የሚመጣላቸው ሥራ ሁሉ የዚያው ዓይነት ሆኗል። አሁንም ሌላ አዘጋጅ ክፉ ሰው እንዲጫወቱለት ጠይቋቸዋል። ቢቀበሉ ዕድሜ ልካቸውን በዚያው መልክ ተፈርጀው እንዳይቀሩ ይሰጋሉ፤ ባይቀበሉ ደግሞ ቤት መዋል ነው። «በዚህ ሙያ ኖሮ ያረጀ ሰው አለ ወይ?» ሲሉም ጠይቀዋል።

እኔም በመድረክም ሆነ በቴሌቪዥን ብዙውን ጊዜ የተሰጠኝ የክፉ ሰው ሚና ስለሆነ ጥያቄው ለእኔ እንግዳ አይደለም። መልሴ «ይቀበሉ» የሚል ነው፤ ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ እሱንም የማስረዳው በህንዳዊው ተዋናይ በፕራን የሥራ ሕይወት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የህንድ ፊልም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ሲታይ ያደጋችሁ፣ ኋላም በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የተጋፋችሁ ሁሉ መልኩን ታውቁታላችሁ። «አክተር አይሞትም» እየተባባልን የምናደንቀው መሪውን ተዋናይ ነበርና የእሱን ስም ብዙዎቻችን የሰማነው ዘግይተን ነው። ሰውዬው ግን ከ1940 ጀምሮ ከስድሳ ዓመት በላይ በካሜራ ፊት የቆመ፣ ከሦስት መቶ ሃምሳ በላይ ፊልሞች የሠራ ነው። በፊልሙ መክፈቻ ላይ የተዋንያኑ ስም ሲዘረዘር የእሱ ስም በመጨረሻ፣ «እና ፕራን» ተብሎ ለብቻው ይወጣ ነበር፤ ይህም ለተንኮለኛ ሰው ተጫዋች ያልተለመደ ክብር ነበረ።

በ1920 በዴልሂ ተወለደ። ፍላጎቱ ፎቶግራፍ አንሺ መሆን ነበር። በወጣትነቱ ሺምላ ከተማ በአማተሮች በሚቀርበው የራማ ታሪክ ትርኢት ላይ እሱ የራማን ሚስት ሲታን፣ ማዳን ፑሪ ደግሞ ራማን ሆነው ተጫውተዋል ይባላል። ማዳን ፑሪም በኋላ በህንድ ሲኒማ የታወቀ ክፉ ሰው ተጫዋች ሆነ። ቅድስቲቱን ሚስትና ጻድቁን ባል የሆኑት ሁለት ወጣቶች አገሬው ሁሉ የሚረግማቸው ሰዎች መሆናቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ፕራን አሁን በፓኪስታን በምትገኘው በላሆር ፊልም የጀመረው በአጋጣሚ ነው። በ1942 መሪ ተዋናይ የመሆን ዕድል አግኝቶ ከታዋቂዋ ዘፋኝና ተዋናይት ከኑር ጀሃን ጋር ተጫውቷል፤ ሆኖም በዛፍ ዙሪያ እየሮጠ መዝፈን አልጣመውም። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ላሆርን ለቆ ቦምቤይ ገባ። እዚያም ስሙን የሚያውቅ አልነበረምና ለወራት የፊልም ሥራ አጥቶ ሆቴል ውስጥ እስከ መሥራት ደረሰ፤ በጸሐፊው በሳዳት ሃሰን ማንቶና በአንድ ተዋናይ ጓደኛው ሽያም ድጋፍ በ1948 «ዚዲ» በተባለው ፊልም እንደገና ቦታ አገኘ። ይህን የማነሣው ጠያቂያችን «ቤት መዋል» ያሉትን እሱም ስለሚያውቀው ነው። ከዚያ በኋላም የመጣለትን የክፉ ሰው ሚና እየተቀበለ ሠርቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፕራን ያን ያህል ዘመን የቆየው ክፋትን ስለሚችልበት ብቻ አይደለም። ጩኸትና ማፍጠጥማ ማንም ይችላል። እያንዳንዱን ክፉ ሰው ከሌላው የሚለይበትን ነገር ይፈልግለት ነበር። በ1949 በ«ባዲ ቤሄን» የሲጋራውን ጭስ ቀለበት እያደረገ ወደ ሴቶቹ ፊት ይለቃል፤ ይህ አንድ ሰው ነው። በ1960 «ጂስ ዴሽ ሜን ጋንጋ ቤህቲ ሃይ» በተባለው ፊልም ራካ የሚባለውን ሽፍታ ሲጫወት ግን ጭስ የለም፣ ቄንጥም የለም። ራካ እያወራም ዝም ብሎም ጣቱን በአንገትጌው ውስጥ እያስገባ አንገቱን ይዳብሳል። ሽፍታ መጨረሻው ገመድ እንደሆነ ያውቃልና አፉ ቢፎክርም እጁ ገመዱን እየፈለገ ነው። ይህን አመል ለራካ ያወጣለት ራሱ ፕራን ነው። ተመልካቹ ምክንያቱን ላይረዳው ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ሰው የሚፈራው ነገር እንዳለ ያውቃል፤ የሚፈራ ክፉ ሰው ደግሞ ከማይፈራው ይልቅ ያስጨንቃል።

ይህን ካየሁ በኋላ የራሴን አሠራር ቀየርኩ። የወንድሙን ልጆች ከርስታቸው የሚያፈናቅል አጎት እንድጫወት በተሰጠኝ ጊዜ አዘጋጁ የጠበቀው ቁጣ ነበር። እኔ ግን በልምምዱ ላይ ሰውዬውን መራቂ አደረግሁት። ጋቢውን በእርጋታ እያጣፋ፣ የልጆቹን ራስ እየዳበሰ፣ «እደጉልኝ፣ አባታችሁን ያስጠራላችሁ» እያለ ወረቀቱን ያስፈርማቸዋል። አዳራሹ ውስጥ የተሰማው ማጉረምረም በጩኸት አግኝቼው አላውቅም። እንዲህ ያለ ሽማግሌ በየዘመዱ ስላለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አጎት አየ።

የሰው ጥላቻን በተመለከተ፣ ጠያቂያችን በታክሲ ውስጥ የደረሰባቸውን ስድብ ጠቅሰዋል፤ እኔንም በሰፈሬ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት «ለአንተ አልሸጥም፣ ያቺን ልጅ አስለቅሰሃታል» ብለውኛል፤ ኋላ ግን መርቀው ሸጡልኝ። በህንድ ዘንድ ደግሞ ወላጆች ለልጆቻቸው ፕራን የሚል ስም ማውጣት አቆሙ እስከ መባል ተደርሷል። እሱ ይህን እንደ ምስክር ወረቀት ይቆጥረው ነበር፤ ከቀረጻው ውጭ ጨዋ፣ ቁጥብና ሰው አክባሪ እንደነበር አብረውት የሠሩ ሁሉ ይመሰክሩለታል። በበኩሌ ስድቡ ገና ሥራው ትኩስ ሳለ የሚመጣ፣ በሁለተኛው ሥራ የሚቀልል ነገር ሆኖ አግኝቼዋለሁና ብዙ አይጨነቁበት።

«በዚያው እንዳልቀር» ለሚለው ስጋት የ1967 ዓመት ራሱን የቻለ መልስ ነው። በዚያ ዓመት «ራም ኦር ሽያም» በተባለው ፊልም ዲሊፕ ኩማር የተጫወተውን የዋህ ሰው በጅራፍ የሚገርፍ የእህት ባል ሆኖ ታየ፤ ከሠራቸው ሁሉ በጣም ከሚጠሉት አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ማኖጅ ኩማር ባዘጋጀው «ኡፕካር» ደግሞ ማላንግ ቻቻ የሚባል፣ አንድ እግሩን አጥቶ በክራንች የሚሄድ፣ እውነትን ፊት ለፊት የሚናገር ደግ ሽማግሌ ሆነ። ሃያ ዓመት ሲረግመው የኖረ ሕዝብ አለቀሰለት። ልብ በሉ፤ ፕራን ወደ ደጉ ሰው የተሻገረው ክፉውን አልጫወትም ብሎ አኩርፎ ሳይሆን ሁለቱን ጎን ለጎን እየሠራ ነው። ማኖጅ ኩማርም ያን ሚና ለእሱ የሰጠው እያንዳንዱን ክፉ ሰው በተለያየ አካልና አረማመድ ሲያመጣ አይቶ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው በ1973 የተሠራው «ዛንጂር» ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ትዕይንቱን ለወጣት ተዋንያን ደጋግሜ አሳያለሁ። ፕራን ሼር ካን የተባለ፣ ጸጉሩንና ጢሙን በቀይ የቀባ የፓታን ጎሣ ጉልበተኛ ሆኖ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ሲል ወጣቱ ኢንስፔክተር ወንበሩን በእርግጫ ያነሣውና ይህ ፖሊስ ጣቢያ እንጂ የአባትህ ቤት አይደለም ይለዋል። ኢንስፔክተሩ አሚታብ ባቻን ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ፊልሞቹ በተከታታይ የከሰሩበት፣ ገና ስም ያላወጣ ተዋናይ ነበር። ለአዘጋጁ ለፕራካሽ ሜህራ ያመለከተውም ራሱ ፕራን እንደሆነ ይነገራል። በዚያ ትዕይንት ውስጥ ዓይናችሁን ከአሚታብ ላይ አንሥታችሁ ፕራንን ተመልከቱ። አይጮኽም፣ ለመበቀል አይጣደፍም። ቆም ብሎ ልጁን በመገረም ይለካዋል። ስድቡን እንዲያ በሙሉ አካሉ ባይቀበለው ኖሮ የወንበሩ እርግጫ የአንድ ጎረምሳ ጥጋብ ሆኖ ይቀር ነበር። የክፉ ሰው ተጫዋች ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ አክተሩን አክተር የሚያደርገው እሱ ነው፤ ይህን የሚያውቅ አዘጋጅም እንዲህ ያለውን ሰው ሥራ አያስፈታውም።

ዕድሜም ቢሆን ለእኛ ይሠራል። መሪ ተዋናይ ጸጉሩ ሲሸብት ይደነግጣል፤ ፕራን ግን ከዴቭ አናንድና ከዲሊፕ ኩማር ዘመን ተነሥቶ እስከ አሚታብ ትውልድ ድረስ ሲሻገር ግትር አያት፣ ሀብታም አባት፣ ቀልደኛ ሌባ ሆኖ ተጫውቷል። ሽልማትን በሚመለከት ከሁሉ የምወድለት አንድ ነገር አለ። በ1972 በተሠራ ፊልም ያገኘውን የረዳት ተዋናይ ሽልማት፣ የሞተው የሙዚቃ ደራሲ ጉላም ሞሐመድ «ፓኪዛህ» ለተባለው ፊልም ሙዚቃው ሊሸለም ሲገባው ተነፍጓል በማለት አልቀበልም ብሏል። የህንድ መንግሥት ለሲኒማ የሚሰጠው ከፍተኛው የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት የደረሰው በ2013 ነው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በ93 ዓመቱ ሙምባይ (የቀድሞዋ ቦምቤይ) ውስጥ አረፈ።

እንግዲህ ቅድመ ሁኔታው ይህ ነው። አዘጋጁን ከማነጋገርዎ በፊት የድርሰቱን ሙሉ ጽሑፍ ይጠይቁ፤ የእርስዎን ክፍል ብቻ ቆርጦ ቢልክልዎ አይቀበሉ። አንብበው ሲጨርሱ ይህ ሰው ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ካለፈው ሚናዎ ጋርም ያስተያዩት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ካገኟቸው ጸሐፊውን «ይህ ሰው ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ጸሐፊው መልስ ካለው፣ ወይም እርስዎ መልስ አምጥተው በልምምድ ላይ እንዲሞክሩት ከፈቀደ፣ ይፈርሙ። «እንደዚያኛው ድራማ አድርገህ ሥራልን፣ ሕዝቡ ወዶታል» ካለዎ ግን ይህኛውን ይለፉት፤ የክፉ ሰው ሚና እንደሆነ ሌላም ይመጣል።