ከዓሣ ነባሪው በፊት የአያትሽ ድምፅ

የሙያ ምክር

ጥያቄ፦ «እኔ የአራተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከአያቴ ጋር እኖራለሁ። አያቴ 81 ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ደክሟል፤ ቀን ቀን ብቻቸውን ይውላሉ። ሦስት ነገሮች ልቤን ከፋፍለውታል። በካሪቢያን ባሕር ዶሚኒካ አጠገብ የዓሣ ነባሪዎችን ድምፅ በኮምፒውተር ለመፍታት ስለሚደረገው ምርምር ካነበብኩ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። አያቴን ሳይ ደግሞ አረጋውያንን የሚረዳ ሮቦት መሥራት ያምረኛል። ቅዳሜና እሑድ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችንንና ጓደኞቻቸውን ከተማውን አስጎበኛለሁ፤ በሳምንቱ ውስጥ በጣም ደስ የሚለኝ ጊዜ ያ ነው። አባቴ «ባሕር በሌለው አገር ዓሣ ነባሪ ምን ያደርግልሻል? ተመርቀሽ ባንክ ግቢ» ይለኛል። የትኛውን እንድመርጥ ይመክሩኛል?»

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ሦስት ፍላጎት አየሁ። ስደግመው ግን አንድ ብቻ ሆነብኝ፦ ድምፅ። ዓሣ ነባሪው ምን እንደሚል መስማት ትፈልጊያለሽ። አያትሽን የሚሰማ መሣሪያ መሥራት ትፈልጊያለሽ። እንግዳ ይዘሽ ስትዞሪም ደስ የሚልሽ ነግረሽ መሰማቱ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ነጥዬ አልሰጥሽም፤ የድምፅን ሳይንስ ተማሪ እልሻለሁ። የድምፅ ሞገድ እንዴት እንደሚቀዳ፣ እንዴት እንደሚለካ፣ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚለየው የሚያጠናውን ትምህርት ማለቴ ነው።

ከዓሣ ነባሪው ልጀምር፤ አባትሽን ያሳሰባቸው እርሱ ነውና። የሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ድምፅ ዝም ብሎ ጩኸት ሳይሆን በሥርዓት እየተደጋገመ የሚመለስ ዜማ መሆኑን ሮጀር ፔይንና ስኮት ማክቬይ እ.ኤ.አ. በ1971 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አሳወቁ። ፔይን ግን ሥራውን የጀመረው በጉጉት ነው። ጉጉት በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አይጧን በጆሮዋ ብቻ እንዴት እንደምታገኛት ነበር የሚያጠናው፤ የሌሊት ወፎችንና የእሳት ራቶችንም መርምሯል። ወደ ዓሣ ነባሪው የመራውን ቅጂ ያገኘውም ቤርሙዳ ውስጥ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል በውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ያዳምጥ ከነበረ ፍራንክ ዋትሊንግተን ከተባለ መሐንዲስ ነው። የዋትሊንግተን የእንጀራ ሥራ ሌላ ነበር፤ ጆሮው ግን ክፍት ነበር። ፔይንም ባሕሩ ጋ ሲደርስ የሰለጠነ ጆሮ ይዞ ነበር የደረሰው።

አሁን ደግሞ አንቺን ወደማረከሽ ወደ ዶሚኒካው ሥራ እንምጣ። ስፐርም ዌል የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች የሚነጋገሩት በጠቅታ ነው። የታወቀ ምት ያለው የጠቅታ ስብስብ ኮዳ ይባላል፤ ለምሳሌ በምሥራቅ ካሪቢያን ያሉት አዘውትረው የሚያሰሙት ሁለት ዘገም ያሉ ጠቅታዎችንና ተከትለው የሚመጡ ሦስት ፈጣን ጠቅታዎችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እነ ፕራትዩሻ ሻርማ 8,719 ኮዳዎችን መርምረው ከምቱ ሌላ ፍጥነቱም፣ በመካከል የመለጠጡና የማጠሩ ነገርም፣ አልፎ አልፎ የሚጨመረው ትርፍ ጠቅታም በሥርዓት እንደሚለዋወጥ አሳዩ። ከበሮ መቺ ምቱን ሳይለቅ ሲያፈጥን፣ ሲያዘገይ፣ አንዳንዴም አንዲት ምት ጣል ሲያደርግ አስቢው። የእያንዳንዱ ትርጉም ገና አልተፈታም፤ የታወቀው ቅርጹ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢ። እነዚያ ኮዳዎች ከየት መጡ? ሼን ጌሮ የተባለ ባዮሎጂስት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ወደ ዶሚኒካ እየተመላለሰ፣ የዓሣ ነባሪ ቤተሰቦችን በጀልባ እየተከተለ፣ የቱ የማን እናት፣ የቱ የማን ልጅ እንደሆነ እየለየ የዘረጋው የጥናት ፕሮጀክት ውጤቶች ናቸው። ዜናው የሚያወራው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ሥራው ግን በአብዛኛው መቅዳት፣ ቅጂውን መልሶ መላልሶ ማዳመጥ፣ እያንዳንዷን ጠቅታ ማን እንዳሰማት ምልክት ማድረግ ነው። ስለ አንድ ሙያ ከሩቅ የምንሰማው የፍጻሜውን ቀን ነው፤ እኔ ግን ወደ እኔ የሚመጣውን ሁሉ የምጠይቀው ስለ ተራው ማክሰኞ ነው። በተራው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጎ መቀመጥ ትወጃለሽ? ይህን ሳትሞክሪው ልትመልሺው አትችይም፤ መሞከሪያውን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

አባትሽ ባሕር የለንም ያሉት እውነት ነው። ግን ጭላዳ አለን። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በየትም የማይገኘው ይህ እንስሳ ሲነጫነጭ፣ ሲያጉረመርም፣ ሲያባብል ሰምተሽው ታውቂያለሽ? እ.ኤ.አ. በ2016 እነ ሞርጋን ጉስቲሰን በስሜን ተራሮች ከወንድ ጭላዳዎች የተቀዱ 1,065 የድምፅ ሰንሰለቶችን ለክተው አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳተሙ፦ ሰንሰለቱ በረዘመ መጠን በውስጡ ያሉት ድምፆች ያጥራሉ። ይህ የቋንቋ ተመራማሪዎች በሰው ንግግር ውስጥ ቀድመው የሚያውቁት ሕግ ነው። ዶሚኒካ ሳትደርሺ ደባርቅ ላይ የሚጀመር ምርምር ማለት ይህ ነው። ወፎቻችን ደግሞ ከ850 ዝርያ በላይ ናቸው፤ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲና የጀርመኑ ኬምኒትዝ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት በርድኔት የተባለው ፕሮግራም ወፍን በድምፁ ብቻ ይለያል፤ ከስልክሽ ልትጀምሪበት ትችያለሽ።

ከዓመታት በፊት የወፍ ድምፅ እየቀዳ የሚያጠራቅም አንድ ወጣት ምክር ሊጠይቀኝ መጥቶ «ይህን ለትርፍ ጊዜህ አድርገው» ብዬ አሰናበትኩት። እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን ያኔ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ላንቺ ይህን ያህል አርዝሜ የምጽፍልሽ አንዱ ምክንያት እርሱ ነው።

ወደ ሮቦቱ ልለፍ። በጃፓን ሪከን የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ሮቤር የሚባል የድብ ፊት ያለው ሮቦት አሳየ። ሰውን ከአልጋ አንሥቶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ እንዲያስቀምጥ የታሰበ ነበር፤ 140 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ፤ ሮቦቱ ግን ለገበያ ሳይበቃ ቀረ። በዚያው አገር ታካኖሪ ሺባታ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የደከመበት ፓሮ የተባለው ሮቦት ደግሞ አራስ ልጅ ያህል ይከብዳል፤ ነጭ ፀጉር የለበሰ የባሕር እንስሳ ግልገል ይመስላል። ሰው አያነሣም፣ ዕቃ አያቀብልም። ሲዳብሱት ይንቀሳቀሳል፣ ሲጠሩት ዘወር ይላል፣ የወጣለትን ስም ይለምዳል። ሺባታ መጀመሪያ በድመት መልክ ሞክሮ ነበር፤ ሰዎች ከእውነተኛ ድመት ጋር እያወዳደሩ ቅር ስላላቸው ብዙ ሰው በቅርብ ወደማያውቀው እንስሳ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፓሮን ለሕክምና ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች መደበው። ግዙፉ ቀርቶ ትንሹ የኖረው ሠሪው አረጋውያኑ የሚሉትን አዳምጦ ስላሻሻለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ኤሊኪው የሚባል ሌላም አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ራሱ ጀምሮ የሚያነጋግር። የኒውዮርክ ግዛት የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከ800 ለሚበልጡ ሰዎች እንዲዳረስ አድርጓል። የሠራው ኩባንያ እስራኤላዊ ነው። በዚያው በእስራኤል ከጎንደርና ከትግራይ ሄደው ዕብራይስጥ ሳይዋሐዳቸው ያረጁ፣ በአማርኛና በትግርኛ ብቻ የሚያወጉ እናቶችና አባቶች አሉን። በዋሽንግተን ዙሪያም ልጆች ለሥራ ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ ቤት የሚጠብቁ ስንት አያቶች አሉ! የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ወረቀቱ በአማርኛ ተጽፎ ቀርቦላቸዋል፤ በአማርኛ የሚያወጋቸው መሣሪያ ግን ገና ሠሪ ይፈልጋል።

ከባድ የሚሆነው ለምንድን ነው? አማርኛችን «ገና» ሲላላና «ገና» ሲጠብቅ ሁለት የተለያየ ነገር የሚናገር ቋንቋ ነው፤ «አለ»ም እንደዚሁ። ልዩነቱ በመቶኛ ሰከንዶች የሚለካ የድምፅ ርዝመት ነው። ሰው ሲያረጅ ደግሞ ጆሮው መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኖቹን ድምፆች ነው፤ ስለዚህ አያትሽ አናባቢውን እየሰሙ ተነባቢው ያመልጣቸዋል። «እሰማሻለሁ፤ ግን የምትይው አይገባኝም» ብለውሽ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። የራሳቸው ንግግርም ይለወጣል፤ ጥርስ ይጎድላል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ በመካከል ረጅም ዝምታ ይገባል። ኮምፒውተሮች የለመዱት የጎልማሶችን ጥርት ያለ ንባብ ነው። እነ ሰሎሞን ተፈራ አባተ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት ለብዙ ጥናት መሠረት የሆነው የአማርኛ የንግግር ክምችት እንኳ 20 ሰዓት ያህል የተነበበ ንግግር ነው። ትልቅ ውለታ የዋለ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የ81 ዓመት አያት ጽሑፍ እያነበቡ አያወሩም፤ ከአንዱ ወግ ወደ ሌላው እየዘለሉ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ እዚህ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀሽ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። በእኛ ዘንድ አረጋዊን መጦር የሰው ሥራ ነው፤ መሣሪያው ጧሪ አይሆንም። የመድኃኒት ሰዓት ያስታውስ፣ ሲወድቁ ጎረቤት ይጥራ፣ የጠፋባቸውን ስም ያስታውሳቸው። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባ ሰው ሲገጥምሽ ተጠንቀቂ። ኮድ ከመጻፍሽ በፊትም እንደ መቄዶንያ ባለ የአረጋውያን ማዕከል ጥቂት ቅዳሜዎች በበጎ ፈቃድ አገልግይ። አጉራሽ፣ ደጋፊ፣ አልጋ አንጣፊ ሁኚ። ምን እንደሚያስፈልጋቸው የሚነግርሽ መማሪያ መጽሐፍ የለም።

ስለ ማስጎብኘቱ አጭር ነኝ፤ አትተዪው። የሙሉ ጊዜ ኑሮሽን በእርሱ ላይ እንድትመሠርቺ ግን አልመክርሽም፤ የእንግዳው ብዛት ከወቅት ወቅት ይዋዥቃል። በክፍያ ልትሠሪው ካሰብሽ ከከተማው ቱሪዝም ቢሮ ስለ አስጎብኚነት ፈቃድና ሥልጠና ጠይቂ። የሚጠቅምሽ ግን ከክፍያው በላይ ነው። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ በአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ፊት ቆመሽ የአህጉሪቱን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ለማያውቅ ሰው በአምስት ደቂቃ ማስረዳት ከቻልሽ፣ ምርምርሽን ለማንም ማስረዳት አያቅትሽም። ደግሞም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከዋሽንግተን የመጡት የ70 ዓመት አክስት አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ ጋ ሳይደርሱ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ የምታዪ አንቺ ነሽ። የት እንደሚያርፉ፣ የትኛው ደረጃ እንደከበዳቸው፣ በግርግር ውስጥ የትኛው ቃልሽ እንዳልተሰማቸው ማስታወሻ ያዢ። ይህ ስለ አረጋውያን የሚደረግ የመስክ ጥናት ነው፤ እያዝናናሽ የምታጠኚው።

አባትሽን አትጣያቸው። ልጃቸው ደመወዝተኛ እንድትሆን መፈለጋቸው ተገቢ ነው፤ ባንኮችም ዛሬ የስልክ አገልግሎታቸው በአማርኛ የሚሰማ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ተመርቀሽ በባንክ የኮምፒውተር ክፍል ሁለት ዓመት ብትሠሪ መንገድሽን አትለቂም፤ ማታ ማታ የሚቀጥል የራስሽ ሥራ እስካለሽ ድረስ። ከዚያ በፊት ግን በዚህ ክረምት የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትንና አይኮግ ላብስ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ የልምምድ ቦታ ጠይቂ። በዩኒቨርሲቲሽ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ክፍል የሚሰጠውን የሲግናል ትምህርት ከሌላ ክፍል መጥተሽ እንድትከታተዪ አስፈቅጂ፤ ስታትስቲክስን አጠንክሪ። ውጭ አገር ላሉ ፕሮፌሰሮች የምትጽፊው በእጅሽ የሠራሽው አንድ ትንሽ ውጤት ሲኖርሽ ነው፤ «ዓሣ ነባሪ እወዳለሁ» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «የአረጋውያንን አማርኛ ይህን ያህል ሰዓት ቀድቼ፣ ይህን አገኘሁ» የሚለውን ያነቡታል።

አሁን የነገርኩሽ መሞከሪያ። ዛሬ ማታ አያትሽን አስፈቅጂና አሥር ደቂቃ ቅጃቸው። የልጅነታቸውን ገበያ፣ የሠርጋቸውን ቀን፣ የወደዱትን ያውጉሽ። ከዚያ ቅጂውን ድምፅን በሥዕል በሚያሳየው በስፔክትሮግራም ክፈቺውና ቃል በቃል ጻፊው፤ የጠበቀውን ፊደል፣ የተዋጠውን፣ የዝምታውን ርዝመት ምልክት አድርጊ። አሥሩ ደቂቃ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጅብሻል። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ወደ ኋላ መልሰሽ ደግመሽ መስማት ካማረሽ ጻፊልኝ፤ ሰዓቱ ገፍቶ ካልሄደልሽም ጻፊልኝ፤ ሌላ እንመክራለን። ስልኩን ከአፋቸው አንድ ስንዝር አርቂው፤ መስኮቱን ዝጊ፤ ቴሌቪዥኑንም አጥፊ።