ማሲንቆው ድምፃዊውን ሲውጠው

ጥያቄ፦ «ቤት ውስጥ አንድ ዘፈን ቀርጬ ነበር። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ኪቦርድ፣ ቤዝና ከበሮ አለው። እያንዳንዱን ለብቻው ስሰማው ያምራል። አንድ ላይ ሲሆን ግን ይታፈናል፤ ግጥሙም አይሰማም። ምን ላድርግ?»

ችግሩ እዚያው «ለብቻው ስሰማው» ያልከው ላይ ነው። ሶሎ (አንዱን ብቻ የሚያሰማውን ቁልፍ) እየተጫንክ ሁሉንም ስታሳምር ሁሉም ይወፍራል። ከዚያ ሦስት ሰው በሚይዝ የሚኒባስ ወንበር ላይ ስድስት ሰው ታስቀምጣለህ። ጠጋ በሉ ብትላቸው መጠጊያ የለም!

ሶሎውን ተወው። ሁሉም እየተጫወተ ኪቦርዱን ሚውት አድርገው፣ ድምፁን ዝጋው። ግጥሙ ብቅ ካለ ሌባው ተያዘ። ብዙ ጊዜ የኪቦርዱ ግራ እጅ ቤዙ የሚለውን ይደግማል። በኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ በሚጨምረውና በሚቀንሰው መሣሪያ) ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጥለት። ለብቻው ሲሰማ ይቀጥናል፤ አትደንግጥ፣ ለብቻው የሚሰማው የለም። ድምፃዊው ላይም ከ80 ኸርዝ በታች ምንም አትፈልግም። አሁንም ጭቃ ጭቃ ካለ ከ200 እስከ 500 ኸርዝ መሃል ፈልገህ፣ ከክራሩም ከኪቦርዱም 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንስ።

ማሲንቆው ግን በኢኪው ብቻ አይፈታም። የድምፃዊውን ዜማ እየተከተለ ነው የሚሄደው። የጭራው ፍትጊያም ግጥሙ ጥርት ብሎ በሚለይበት ከ2 እስከ 4 ሺህ ኸርዝ ውስጥ ይገባል። ጥሩ አዝማሪ ይህን ያውቀዋል፤ ሲዘፍን በለሆሳስ ይስበዋል፣ ስንኙ ሲያልቅ ይለቀዋል። አንተም በፌደር፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ተንሸራታች ቁልፍ፣ እንደዚያው አድርግ። ግጥም ሲኖር 3 ዴሲቤል ያህል ዝቅ፣ ክፍት ቦታ ሲመጣ መልሰው። ስንኝ በስንኝ ስለሆነ ያሰለቻል። እኔ አንዴ ሌሊቱን ሙሉ ኢኪው ስነካካ አድሬ፣ ጠዋት ማሲንቆውን ዝቅ ሳደርገው ነገሩ አለቀ።

ክራሩን በግማሽ ወደ ግራ ስፒከር፣ ማሲንቆውን ወደ ቀኝ ውሰድ። ድምፃዊውና ቤዙ መሃል ይቆዩ። የሪቨርቡንም (የማስተጋቢያውን) ወፍራም ድምፅ ቁረጥ። ሪቨርቡ ከድምፃዊው 30 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ቢጀምር ቃሉን አይሸፍነውም።

በመጨረሻ ሚክሱን ሞኖ አድርገህ በስልክ ስፒከር ስማው፣ ድምፁንም ቀነስ አድርግ። ግራና ቀኝ የበተንከው እዚያ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ግጥሙ ከጠፋ ወደ ማሲንቆው ፌደር ተመለስ።