ስለ አራስ ልጆች የአንጎል ምርመራ ጠይቁ፤ የራዲዮሎጂ ሐኪም ይመልሳል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የሦስት ሳምንት ልጄ ጭንቅላቱ በፍጥነት እያደገ ነው። ሲቲ ስካን ላስነሳው?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ አልትራሳውንድ ይቅደም። እርግብግቢቱ ገና ክፍት ነው፤ አጥንት ስለሌለ በዚያ በኩል አንጎሉ ይታያል። ጨረር የለው፣ ማደንዘዣ አይፈልግ። ዛሬውኑ ሐኪም የጭንቅላቱን ዙሪያ በሜትር ይለካው። ካስመለሰው፣ ከፈዘዘ ወይም ዓይኑ ወደ ታች ከተተከለ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ጥያቄ፦ የኛ ውጤት «ኮርፐስ ካሎሰም የለም» ይላል። ውሃ ቋጥሯልም ተባልን።

መልስ፦ ይሄ በደንብ ይብራራ። ኮርፐስ ካሎሰም ቀኝና ግራውን አንጎል የሚያገናኝ ወፍራም የነርቭ ድልድይ ነው። ሳይፈጠር ሲቀር ፈሳሽ የያዙት ቬንትሪክሎች ተራርቀው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የኋላ ጫፋቸው ይሰፋል። ሦስተኛው ቬንትሪክል ደግሞ ወደ ላይ ከፍ ይላል። የቸኮለ ሰው የኋላውን ስፋት ብቻ አይቶ «ውሃ ነው» ይላል። ስፋት ሁሉ ግፊት አይደለም፤ ለስፋቱ ብቻ ሻንት (ፈሳሹን ከአንጎል የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ) አይገባም። የጭንቅላቱ ዙሪያ በየጊዜው ይለካ። ቀጥሎ ኤምአርአይ ይነሳ፤ ዋናው ጥያቄ ችግሩ ብቻውን ነው ወይስ ከሌላ ጋር የሚለው ነው። ብቻውን ከሆነ ብዙዎቹ ደህና ያድጋሉ፤ ክትትሉ ግን አይቋረጥ።

ጥያቄ፦ ዳንዲ ዎከርስ?

መልስ፦ ይሄም የአንጎል አፈጣጠር ችግር ነው፤ የሴሬቤለም (ከኋላ በታች ያለው ትንሹ አንጎል) መሃል ያንሳል፣ አራተኛው ቬንትሪክል ይሰፋል። ከእርግብግቢት ሩቅ ስለሆነ ከጆሮ ጀርባ ባለው ክፍተትም ይታይ በሉ።

አንድ አባል፦ ሁሉም የፎሊክ አሲድ (በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን) እጥረት ነው። እናት ጎመን ትብላ፣ በቃ።

ሌላ አባል፦ አይበቃም! የነርቭ ቱቦው (በኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው) ከጽንስ በኋላ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። ያኔ ስንቷ ማርገዟን ታውቃለች?

የመጀመሪያው፦ እናቶቻችን ኪኒን ውጠው ነው የወለዱን?

መልስ፦ ከጥያቄው ወጣችሁ። ከማርገዝ በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይወሰድ። የሚከላከለው ግን እንደ ስፓይና ቢፊዳ (የአከርካሪ በደንብ ሳይዘጋ መቅረት) ያለውን የነርቭ ቱቦ ችግር ነው። ኮርፐስ ካሎሰም የሌለው ልጅ እናት በጎመን አትወቀስ።

ጥያቄ፦ ልጄ ጤነኛ ይሆናል?

መልስ፦ ምስሉን ሳላይ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ለኔም ልጅ ሲቲ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ እባካችሁ አንብቡ። አልትራሳውንድ ይቅደም።

ጥያቄ፦ አራስ ኤምአርአይ ውስጥ እንዴት ዝም ይላል?

መልስ፦ ጠግቦ ይጥባ፣ ጆሮው ይሸፈን፣ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቅለል። ብዙዎቹ ተኝተው ይጨርሳሉ። ቀጠሮ ስትይዙ መቼ ይጥባ ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የኔ ስምንት ወሩ ነው፤ አልትራሳውንድ አለፈው?

መልስ፦ እርግብግቢቱ ይነካ። ክፍት ከሆነ ይሞከር፤ እየጠበበ ሲሄድ ግን የሚታየው ይቀንሳል፣ ያኔ ኤምአርአይ ነው።