ስለ ኤአይ ማንን እናዳምጥ? ከባሕር ዳርና ከዘጌ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሥነ ምግባር ጥያቄ ያለው ይላክልኝ ብዬ ነበር። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከፖሊና ከፔዳ፣ ከሽምብጥ ሰፈር፣ ከጣናው ዘጌም ሳይቀር መጣ። ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁትን አስቀድሜያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መምህር፣ በዚህ ጉዳይ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አንብብ ቢባሉ ማንን ይመርጣሉ? (የፖሊ ተማሪ)

የኤአይ ተመራማሪዋን ትምኒት ገብሩን። አዲስ አበባ የተወለደች፣ የኤርትራውያን ልጅ ናት። በ2018 ከሌላዋ ተመራማሪ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ያወጣችውን ጥናት ፈልገህ አንብብ። አጭር ነው፣ ቋንቋውም አያስቸግርም።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ከሩዋንዳ፣ ከሴኔጋል፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአይስላንድ፣ ከፊንላንድና ከስዊድን የ1,270 የፓርላማ አባላትን ፎቶ ሰበሰቡ። ከዚያ አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና ፌስ ፕላስ ፕላስ ለገበያ ያቀረቧቸውን ፊት ለይቶ ጾታ የሚናገሩ ሲስተሞች ፈተኑባቸው። ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር። ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ያንን ሲስተም እዚህ ቢያመጡት ከሦስት እህቶቻችን አንዷን ወንድ ናት ሊል ይችላል ማለት ነው።

እኔ ይህን ጥናት የምወደው ቁጥሩ ስላስደነገጠኝ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ኩባንያዎቹ አማካይ ውጤት እያሳዩ «በጣም ጥሩ ይሠራል» ይሉ ነበር። እነዚህ ሁለት ሴቶች «ለማን ነው ጥሩ የሚሠራው?» ብለው አማካዩን በታተኑት። ፖሊ ውስጥ ሞዴል (ከዳታ የሚማር ፕሮግራም) ስትሠራ ይህን ጥያቄ እንዳትረሳ። የመመረቂያ ፕሮጀክትህ 90 በመቶ ትክክል ነው ስትለኝ፣ የቀረው 10 በመቶ እነማን እንደሆኑ መጠየቄ አይቀርም።

ትምኒት ትሠራበት ከነበረው ከጉግል ጋር የተጣላችው በምንድን ነው?

ከቋንቋ ምሁሯ ከኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ጋር በጻፈችው ጽሑፍ ነው። ግዙፍ የቋንቋ ሞዴሎች የሚናገሩትን ሳያውቁ የሰሙትን እንደሚደግም በቀቀን ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ይበላሉ፤ ከኢንተርኔት የለቀሙትን ጥላቻ መልሰው ይተፋሉ የሚል ነው። ኩባንያው ስሟን ከጽሑፉ እንድታወጣ ጠየቃት። በታኅሣሥ 2020 ወጣች። እሷ ተባረርኩ ትላለች፣ እነሱ ራሷ ለቀቀች ይላሉ። ከዓመት በኋላ ዴር የሚባል የራሷን የምርምር ተቋም ከፈተች።

ልጄ ማታ ማታ ከቻትጂፒቲ ጋር የሆዷን ታወራለች። ልከልክላት? (እናት፣ ከሽምብጥ)

እትዬ፣ ከመከልከልዎ በፊት የአንድ ሰው ታሪክ ልንገርዎ። ጆሴፍ ዋይዘንባም ይባላል፤ በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። በ1966 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢላይዛ የምትባል ፕሮግራም ሠራ። አሠራሯ ቀላል ነው። «እናቴ ትቆጣኛለች» ብለው ቢጽፉላት «እናቴ» የሚለውን ትይዝና «ስለ ቤተሰብሽ እስኪ ንገሪኝ» ትላለች። የሚገባት ነገር የለም። ሆኖም ፕሮግራሟን ሲሠራ ያየችው የገዛ ጸሐፊው ከፕሮግራሟ ጋር ማውራት ስትጀምር እሱን «ትንሽ ውጣልኝ» አለችው።

ሰውየው በዚህ ደነገጠ። በ1976 ኮምፒውተር ቢችል እንኳ ሊሰጠው የማይገባ ሥራ አለ ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። አንዱ የሰውን ሐዘን መስማት ነው። ዛሬ ስለ ኤአይ ከሚጻፈው ብዙውን እሱ ያኔ ብሎታል። እኔ እንደሚገባው አልተነበበም ባይ ነኝ።

ስለዚህ ስልኩን ከመቀማት ይልቅ ለማሽኑ ምን እንደምትነግረው ቀስ ብለው ይጠይቋት። ለእርስዎ መንገር ያልቻለችው ነገር ይኖር ይሆናል። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ካለባት ግን አይጠብቁ፤ ወደ ባለሙያ ይውሰዷት።

ጄፍሪ ሂንተን ማሽኑ የሰውን ልጅ ሊያጠፋ ይችላል ይላል። እውነት ነው? (ፔዳ)

ሂንተን ተራ ሰው አይደለም፤ ለዛሬው ኤአይ መሠረት ከጣሉት ተመራማሪዎች አንዱ ነው። በ2023 ጉግልን ለቀቀ፣ በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። ሌላው ተመራማሪ ዮሹዋ ቤንጂዮም በዚህ ስጋት ከእሱ ጋር ነው። ከሁለቱ ጋር ቱሪንግ የሚባለውን የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቅ ሽልማት የተካፈለው ያን ለኩን ደግሞ ፍርሃቱ የተጋነነ ነው ይላል። ሦስቱ አንድ ቴክኖሎጂ አብረው ያሳደጉ ናቸው፤ እነሱ ካልተስማሙ እኔ አልዳኝም። የእኔ ቅድሚያ ግን ዛሬ የተጎዳው ሰው ነው። በ2020 አሜሪካ ውስጥ፣ ዲትሮይት ከተማ አቅራቢያ አንድ ጥቁር አባት ማሽን ፊቱን ከሌባ ፊት ጋር ስላምታታ ብቻ በልጆቹ ፊት ካቴና ገብቶለታል።

ዳታ የመለየት የኦንላይን ሥራ አገኘሁ። ልግባ?

ሥራ ነው፣ አይናቅም። ግን ምን እንደሚያሳዩህ አስቀድመህ ጠይቅ። ታይም መጽሔት በጥር 2023 እንደዘገበው ኬንያውያን ሠራተኞች የቻትጂፒቲን ቆሻሻ ለማጣራት ዘግናኝ ጽሑፍ ሲያነቡ ይውሉ ነበር። በሰዓት የሚደርሳቸው ከ2 ዶላር በታች ነበር።

አማርኛ ላይ ለምን ይኮላተፋል?

አንደኛ፣ የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት (የኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ) ይይዛል። «ባሕር ዳር» 16 ባይት ነው፤ በላቲን ቢጻፍ 9። በዚህም የተነሳ ብዙ ሞዴሎች አማርኛን አድቅቀው ይቆራርጡታል፣ ለአንድ ሐሳብም የበለጠ ያስከፍላሉ። ማሳካኔ የሚባለው የአፍሪካውያን ተመራማሪዎች ስብስብ በ2021 ባወጣው የ10 ቋንቋዎች ዳታ ውስጥ አማርኛ አለበት። ፕሮጀክት የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚያ ጀምሩ።

አገራችን ሕግ አላት?

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው)። አንብቡት።

የገዳማችንን ብራናዎች ለኤአይ ማሠልጠኛ ፎቶ እናንሳ የሚሉ ሰዎች ቢመጡ ምን እንበል? (ዲያቆን፣ ከዘጌ)

ከሁሉም ያሳሰበኝ ይህ ነው። የጣና ብራናዎች ፎቶ መነሳታቸው አዲስ አይደለም፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ ጀርመናዊ ምሁር በማይክሮፊልም አንስቷቸዋል። የአሁኑ የሚለየው አንዴ ሞዴል ውስጥ የገባ ነገር ተመልሶ ለመውጣት አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያ የተወለደችውን ተመራማሪ አበባ ብርሃኔን ልጥራ። በ2020 ከባልደረባዋ ከቪናይ ፕራቡ ጋር 80 ሚሊዮን ትንንሽ ፎቶዎች የያዘውን የኤምአይቲ ስብስብ ፈተሸች። ሰው የሚያዋርዱ ስድቦች የፎቶ መለያ ሆነው አገኙ። ኤምአይቲ ስብስቡን አነሳው። በዚያው ዓመት ስለ አፍሪካ የጻፈችው ደግሞ ችግራችሁን ልፍታ ብሎ የሚገባው ሁሉ ዳታውን ይዞ ይሄዳል፣ ባለቤቱን የሚጠይቀው የለም የሚል ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ የኒውዚላንድ ማኦሪዎች አሳይተዋል። ቴ ሂኩ የተባለው የሬዲዮ ጣቢያቸው ሕዝቡን አስተባብሮ በ10 ቀን ከ300 ሰዓት በላይ ድምፅ ሰበሰበ። የንግግር ማወቂያውን ራሳቸው ሠሩ። ዳታውን ለውጭ ኩባንያ አሳልፈን አንሰጥም አሉ።

ስለዚህ ዲያቆን፣ ለአለቃውና ለማኅበሩ ይህን ይንገሩልኝ። ውሉ በአማርኛ ይጻፍ። ዋናው ፋይል ገዳሙ ዘንድ ይቅር። ለምን እንደሚውል፣ ለማን እንደሚተላለፍ፣ ከእሱ የሚሠራው ነገር ለገዳሙ በነጻ ይሰጥ እንደሆነ በግልጽ ይስፈር። ሰዎቹ ይህን ሲሰሙ ቸኮል ቸኮል ካሉ ብራናው ከሣጥኑ አይውጣ። ውሉን የሚያነብ የሕግ ሰውና የኮምፒውተር ሰው ከፈለጋችሁ ጻፉልኝ፤ እኔም በጀልባ እመጣለሁ።